ንብ ያልነካው አበባ

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። የመስኮቴ መዝጊያ እንደተቀረቀረ፣ ክፍሌም እንደጨለመ ነበር። ከጎሬ በኩል ዳገቱን የሚወጣ የጭነት መኪና መሰለኝ፤ መኪናው ግን አይቀርብ፣ አይርቅ፤ አንድ ቦታ ቆሞ ያጉረመርማል። ብርድ ልብሱን ገፍፌ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። ድምፁ ከጓሮ ነው የሚመጣው። መዝጊያውን ስከፍት ውጭው ነግቷል። የአከራዬ የእትዬ ተጂቱ ቡና ከአጥር እስከ አጥር ነጭ ለብሷል። ማታ ስተኛ አረንጓዴ ነበር። ሽታው ፊቴን መታኝ፤ በአበባው ላይ ደግሞ ንብ እንደ ገበያ ሰው ይተራመሳል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ የምነግረው ሰው አልነበረኝም። ያየሁትን አይቼ መዝጊያዬን መልሼ መዝጋት ነበር ልማዴ። ያን ቀን ግን የጫማዬን ክር ሳላስር ሮጥኩ።

አብራኝ የምታስተምረው ሚስ ሀረገወይን ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ነበር የተከራየችው። ጋቢዋን ደርባ በሩን ከፈተች።

«ፈነዳ?» አለችኝ፣ ገና ትንፋሼ ሳይመለስ።

«ፈነዳ!»

«ቡናው ላይ ያሰርናቸው ሻሾችስ? ንብ አልገባባቸውም?»

«እነሱን አላየሁም። በቀጥታ ወደ እርስዎ ነው የመጣሁት።»

ሳቀች። «ተመራማሪ መጀመሪያ ሻሹን ያያል፤ ከዚያ ይሮጣል» አለችና እሷም ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ከኋላዬ ተከተለች።

ዘመኑ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። እኔ መቱ ውስጥ የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። አስተማሪ ይበሉኝ እንጂ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የማያስገባ ውጤት ይዤ ወደ አገሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ጠዋት መጽሐፉን ሰሌዳው ላይ እገለብጣለሁ፣ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ፣ ደወል ይደወላል። ማታ እትዬ ተጂቱ ግቢ ካለችው ክፍሌ ገብቼ እስኪጨልም ድረስ ጣራ አያለሁ። ሳይንስ ማለት ለእኔ ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር፣ አውቆ የጨረሰው ነገር ነበር።

እሷ የመጣችው በዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ነው። በዚያ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥተው ያስተምሩ ነበር። ሀረገወይን ከዚያ በፊት ሁለት ክረምት ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር ጅማ አካባቢ ቡና ላይ ምርምር ስታደርግ ከርማለች። ዲሬክተራችን የዘጠነኛ ክፍልን ትምህርት ሰጣት። እሷ ደግሞ «አንድ የታችኛው ክፍል ጨምሩልኝ፤ ምርምር ላሠራቸው እፈልጋለሁ» አለች። ዲሬክተሩ የኔን ክፍል ሰጣት፤ እኔንም ከክፍሉ ጋር።

የመጀመሪያ ቀን ስትገባ መጽሐፍ አልያዘችም። አንዲት የቡና ቅርንጫፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጠየቀች፦ «የዚህ ዛፍ አበባ ፍሬ እንዲይዝ ንብ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም?»

ልጆቹ መጽሐፋቸውን ማገላበጥ ጀመሩ።

«ሚስ፣ ገጹ ስንት ነው?» አለ ሰማን። የባለሱቁ የነዚፍ ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም።

«ገጽ የለውም። መጽሐፎቹ የሚያወሩት ስለ ሌላ አገር ቡና ነው። ስለ መቱ ቡና የጻፈ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም።»

«ታዲያ መልሱስ?»

«እኔም አላውቀውም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አላውቅም የሚል አስተማሪ አይተው አያውቁማ! ዲሪቤ የምትባል ልጅ ብቻ አልሳቀችም። እጇን አወጣች።

«አባቴ ጫካ ውስጥ ጋጉራ ይሰቅላል» አለች፤ ጋጉራ ዛፍ ላይ የሚሰቀለው ቀፎ ነው። «ካኒሳ፣ ንቡ፣ ከሌለ ማር የለም ይላል። ስለ ቡናው ግን ምንም ብሎ አያውቅም።»

«ካኒሳው ለእናንተ፣ ቡናው ለእኛ ሱቅ!» አለ ሰማን።

ሀረገወይን ከልጆቹ ጋር ሳቀች። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ማንም መልሱን የማያውቀው ጥያቄ ስጠየቅ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተከፈተ፤ ስም አላወጣሁለትም።

ዘዴዋ ቀላል ነበር። አበባው ከመፈንዳቱ በፊት የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ንብ በማያስገባ ስስ ሻሽ መሸፈን፤ አጠገቡ ያለውን ዛፍ ክፍት መተው። ፍሬ ሲይዝ ሁለቱን ማስተያየት። ሻሹ ከሰማን አባት ሱቅ መጣ፣ ሴቶቹ ልጆች እንደ ከረጢት ሰፉት። ቡናው የእትዬ ተጂቱ ነው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ የሚኖሩት በእሱና በእኔ ኪራይ ነው።

«ልጆቹ አንድ ቅርንጫፍ ቢሰብሩ» አሉኝ እትዬ ተጂቱ፣ «አንተን ነው የምሰብርህ፤ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ እትዬ።»

«ልጅቷን ግን ጥራት፤ ቁርስ ትቅመስ። ከስታለች።»

የየካቲት ዝናብ ሲወርድ ሸፈንን። አበባውም ቀደም ብዬ ባወራሁት ጠዋት ፈነዳ። እኔና እሷ ከዛፍ ዛፍ እየዞርን ሻሾቹን አየን፤ አንድም ንብ አልገባም። ውጭ ቀርተው በጨርቁ ላይ ይንከላወሳሉ፤ ውስጥ ደግሞ አበባው ለብቻው ነጭ ሆኖ ይታያል። ሀረገወይን ጣቷን በሻሹ ላይ አሳረፈች።

«ታሳዝናለች አይደል?» አለችኝ።

«ማን?»

«አበባዋ። ሁሉ ሰው ገበያ ሲወጣ ቤት የተቆለፈባት ትመስላለች።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ከመንገዱ በኩል የጅማው አውቶብስ ጡሩምባውን ነፋ። እሷም ዘወር አለች። አውቶብሱ በነፋ ቁጥር እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ ክፍል ውስጥም ብትሆን ዓረፍተ ነገሯን አቋርጣ ታዳምጣለች፣ ከዚያ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ምን እንደምትጠብቅ ጠይቄያት አላውቅም።

አበባው ሲረግፍ ከረጢቱ አያስፈልግም፤ ፍሬው ፀሐይ ያግኝ አለች። ሻሾቹን አውልቀን፣ የትኛው ቅርንጫፍ ተሸፍኖ እንደነበረ ምልክት እንዲሆን፣ በየቅርንጫፉ ሥር እንደ መቀነት አሰርናቸው። ጎረቤታችን ኦቦ ኩመራ አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲያዩን ዋሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ የእሳቸው ቡና ከእትዬ ተጂቱ ቡና ጋር ይዋሰናል።

«ተጂቱ፣ ይኼ ነጭ ጨርቅ የምንድን ነው?» አሉ በኦሮምኛ።

«የልጆች ነገር ነው፤ ለትምህርት ነው ይላሉ።»

«ለትምህርት...» አሉ ኦቦ ኩመራ። ጭራቸውን አንዴ አወዛውዘው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ እየመጣች ፍሬውን ታያለች፤ እኔም አብሬያት አያለሁ። መጀመሪያ የመርፌ ራስ ያህል ነበር። «ይህ ከተቆጠረ ሥራዬ አለቀ» ትላለች፤ «ሰኔ ላይ ውጤቱን ይዤ እሄዳለሁ፤ ፕሮፌሰሩ አያምነኝም!» ደስ ብሏት ነው የምትናገረው። እኔ ደግሞ ፍሬው እንዳያድግ የምመኝ ብቸኛው የኢሉባቦር ሰው ሆንኩ። እሑድ እሑድ ብቻዬን ወደ ሶር እወርዳለሁ። ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ጫካው ውስጥ ድምፁ ይሰማል፤ እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ «የሚቀጥለው እሑድ ይዣት እመጣለሁ» እላለሁ። የሚቀጥለው እሑድም ብቻዬን ነኝ። ውሃው ስለሚጮህ ጮክ ብዬ አዋራት ነበር፤ የሚሰማኝ የለም።

ግንቦት ላይ ቆጠርን። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተሰማሩ፤ አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይጽፋል። ሀረገወይን መሃል ቆማ ትሰበስባለች። ገና ግማሹ ሳይደርስ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ሻሽ የታሰረባቸው ቅርንጫፎች ባዶ ለመባል ምንም አልቀራቸው፤ ክፍት የነበሩት ደግሞ ፍሬው አጉብጧቸዋል።

«ያስፈልገዋል!» ብላ አጨበጨበች። «ልጆች፣ ያስፈልገዋል!»

«ካኒሳ! ካኒሳ!» እያሉ ልጆቹ ይዘሉ ጀመር። ሰማን ክንድና ክንዱን ዘርግቶ በዛፎቹ መሃል እንደ ንብ ሲዞር ሁሉም ተከተለው። ሀረገወይን ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ዲሪቤ እጅጌዬን ሳበችኝ። «ጋሼ፣ እኔ ያሰርኩበት ዛፍ ጉንዳን ነበረበት። ይኼ የለበትም።»

«ጉንዳን ይሄዳል እኮ ዲሪቤ።»

«ዛፍስ ይሄዳል?»

ያን ጊዜ ነው ኦቦ ኩመራ ከአጥሩ ማዶ የጠሩኝ። «ነመራ! ና እስቲ።» ዓይናቸው ይስቃል። «ተገላገልን አይደል?»

«ከምኑ ኦቦ?»

«ከቀላዱ ነዋ!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔን ሞኝ አታድርገኝ። የእኔን መሬት በገመድ ሲለኩ ጊዜ እንደዚሁ ነጭ ጨርቅ እያሰሩ ነው የዞሩት። ለመንገድ ነው አሉኝ። ኋላ ጨርቅ ያለበትን ሁሉ 'ይኼ የጌታው ነው' ብለው ወሰዱት። ምርጥ ምርጡን! ተጂቱ ባል የላት፤ ማን ይሟገትላታል? አንድ ማለዳ ገባሁና ከወጣቶቹ ዛፎች እየፈታሁ በሽማግሌዎቹ ላይ አሰርኩላችሁ። አሁን ይምጡና ይውሰዱ፤ ለማገዶ ይሆናቸዋል!» አንገታቸውን ቀብረው ሳቁ።

«ሁሉንም ነው ያዛወሩት?»

«አንድም አላስቀረሁ። ቋጠሮውን እንኳ እንደ እናንተው ነው ያደረግሁት። ለማንም እንዳትናገር፤ ምርቃት ብቻ ይበቃኛል።»

አጥሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሽማግሌዎቹ ዛፎች ጥንትም ፍሬ አይዙም፤ ንብ ቢመጣባቸውም ባይመጣባቸውም። የቆጠርነው ሁሉ ስለ ዛፎቹ እርጅና እንጂ ስለ ንብ ምንም አልነገረንም። ዘወር ብዬ አየኋት። አንዲት ልጅ ቅጠል ፀጉሯ ላይ ሰክታላት ጎንበስ ብላ ትስቃለች። ዝም ብል ደስ እንዳላት ሰኔ ላይ ትሄዳለች። ብናገር ደስታዋን አፈርሳለሁ፤ ግን ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚያብበው፣ እውነተኛውን መልስ የፈለገ ሌላ አበባ መጠበቅ አለበት። መቱ ሆኖ። ለእውነት ብዬ ይሁን እንድትቀር ብዬ አላውቅም፤ የሄድኩት ግን ወደ እሷ ነው።

ነገርኳት። ቅጠሉ ፀጉሯ ላይ እንዳለ ሰማችኝ። ወደ አንዱ ዛፍ ሄዳ ቋጠሮውን ዳሰሰች፣ ግንዱን ዳሰሰች፣ በላዩ የበቀለውን የዛፍ ሽበት በጥፍሯ ጫረች።

«ደግ ሰው ናቸው» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረች። «ልጆች፣ የዛሬው ቆጠራ አያገለግልም።»

«እንዴ ሚስ፣ አሸንፈን!» አለ ሰማን።

«ማንን ነው ያሸነፍነው?»

«እ... የሚሸነፈውን።»

የሆነውን ነገረቻቸው። ዲሪቤ «ብያችሁ ነበር! ዛፍ ይሄዳል ወይ ብያችሁ ነበር!» ብላ እግሯን መሬት ላይ መታች። ሌሎቹ ግን አኮረፉ። «አሁን ታዲያ ንብ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም?» አለ አንዱ።

«አናውቅም።»

«መቼ ነው የምናውቀው?»

«እንደገና ሲያብብ።»

«ለከርሞ!» አለች ዲሪቤ። «እርስዎስ? ለከርሞ ይኖራሉ?»

ሀረገወይን ቅጠሉን ከፀጉሯ አውጥታ አየችው።

«እኖራለሁ» አለች።

እንደ ቃሏ አደረገች። አገልግሎቷ በአንድ ዓመት እንዲራዘም ዲሬክተሩን ጠየቀች፤ እሱም ዓይኑን ሳያሽ ተስማማ። በሚቀጥለው ሳምንት ኦቦ ኩመራን ክፍል ድረስ አስመጣቻቸው። ካባቸውን ለብሰው፣ አንድ ቅል ማር ይዘው፣ ከሰማን ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ጠረጴዛው ሥር አልገባ አላቸው። ሀረገወይን በአማርኛ ስታስረዳ ዲሪቤ በኦሮምኛ ትተረጉምላቸዋለች። ነገሩ ሲገባቸው እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ።

«ወይኔ ልጄ! አበላሸሁብሽ።»

«ኦቦ ምንም አላጠፉም። ቀድመን መጥተን ልንነግርዎ ይገባን ነበር።»

«እንግዲያስ ለከርሞ ዘበኛው እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ኩመራ። «ጨርቁን የነካ ሰው ከእኔ ጋር ነው የሚተዋወቀው። ንቡም ቢሆን!»

ልጆቹ ሳቁ፤ ማሩም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰማን ጣቱን ልሶ «ምርምር እንዲህ ከሆነ በየዓመቱ ይበላሽ» አለ። ሀረገወይን አልሰማችውም፤ አውቶብሱ ጡሩምባ ነፍቶ ነበር።

የዚያን ሰሞን ገበያ ወጥቼ ለክፍሌ ሁለተኛ በርጩማ ገዛሁ። እትዬ ተጂቱ ሲገባ አይተው «ማንን ልታስቀምጥበት ነው?» አሉኝ። «መጽሐፍ አስቀምጥበታለሁ» አልኩ። «መጽሐፍማ አልጋህ ላይ ተኝቶልሃል» ብለው ሄዱ። ማታ ማታ በርጩማው ከእኔ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ እኔም ለከርሞ የምንሠራውን እለማመዳለሁ። ክረምቱን ከረጢቶቹን አጥበን እንጠግናለን። በመስከረም ዛፎቹን እየዞርን ወጣት ወጣቱን እንመርጣለን። በጥር ሰማይ ሰማይ እናያለን። በየካቲት አንድ ጠዋት ድምፁን ስሰማ መጀመሪያ ሻሾቹን አይቼ ከዚያ እሮጣለሁ። አንድ ጠዋት ደግሞ፣ ዝናብ ባልጣለበት እሑድ፣ «ሶርን አይተው ያውቃሉ?» እላታለሁ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ጊዜ ተለማምጄዋለሁ።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ አላቋርጥ አለ። ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት እትዬ ተጂቱ ሻሾቹን በሳሙና አጥበው ከምድጃው በላይ አድርቀው፣ አጣጥፈው፣ በራሱ በሻሽ አስረው ሰጡኝ። «ውሰድላት፤ ንጹሕ መሆኑን ትየው። ምሳም እዚህ እንድትበላ ንገራት» አሉ። ጥቅሉን ካፖርቴ ሥር ይዤ ወጣሁ።

ፖስታ ቤቱ ጋ ስደርስ የጅማው አውቶብስ ቆሟል፤ ሞተሩ ይንጫረራል። ረዳቱ ጣራው ላይ ወጥቶ ሻንጣ በሸራ ይሸፍናል። ከሻንጣዎቹ አንዱን አወቅሁት፤ ቡናማ ነው፣ ጥጉ በገመድ የታሰረ። ባለፈው መስከረም ከዚሁ መኪና ተቀብዬ እስከ ቤቷ የተሸከምኩት ነው።

ሀረገወይን ከበሩ አጠገብ ጥላ ይዛ ቆማለች። ስታየኝ አልደነገጠችም፤ ፈገግም አላለች።

«ሻሾቹ ደርቀዋል» አልኳት።

ጥቅሉን ተቀበለችኝ። ጥላዋን በትከሻዋ አስደግፋ ጥቅሉን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ጭስና ሳሙና ይሸት ነበር።

«እትዬ ተጂቱ ምሳ እንዲመጡ...» ብዬ አቆምኩ። «ለክረምቱ ነው አይደል? መስከረም ላይ...»

ረዳቱ ከጣራው እየወረደ «በደሌ! ጅማ! የቀራችሁ ግቡ!» አለ። ሁለት ሴቶች ዶሮ ይዘው በመካከላችን አለፉ።

የጥቅሉ ቋጠሮ መንገድ ላይ ላልቶ ነበር። ጥላዋን አጠፈች። በዝናቡ ውስጥ ቋጠሮውን ፈታች፣ ጨርቁን ሳበች፣ ልጆቹን እንዳስተማረቻቸው አድርጋ አጥብቃ አሰረችው፤ ጥቅሉን በሁለት እጇ ክንዴ ላይ አኖረችልኝ። «በየካቲት አንተ ታስራቸዋለህ» አለችኝ። ከዚያ ደረጃውን ወጣች። ረዳቱ የበሩን ቆርቆሮ ሁለቴ በመዳፉ መታ፤ አውቶብሱም ጭቃውን እየረጨ ሄደ።